የራስሽን ጥርስ አስቀድሚ

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እናትሽ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳንጣላ ነው የተጠፋፋነው፤ ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ትተን ወደ ነገሬ ልግባ።

ስለ ዘመዶችሽና ስለ ጓደኞቻችን፣ አንድ በአንድ፣ መልካቸውንና ጠባያቸውን መጻፍ ጀምረሽ እንደ ነበር ሰማሁ። አክስትሽ ጋ ስትደርሺ ግን «ትቀየመኛለች» ብለሽ አቆምሽ አሉ። ማን እንደ ነገረኝ አትጠይቂኝ። ሰሞኑን የማነበው ይህንኑ ሥራ ከአንቺ በፊት ስለ ሠራች አንዲት የፈረንሳይ ልዕልት ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።)

አን ማሪ ሉዊዝ ዶርሌአን ትባላለች፤ የሞንፓንሲየ ዱሼስ፣ የንጉሥ ሉዊ 14ኛ የአጎት ልጅ። በ1627 ተወለደች፤ ሀብቷ ለጉድ ነበር። በ1652፣ መሳፍንቱ በቤተ መንግሥቱ ላይ ባመፁ ጊዜ፣ ከባስቲዬ ምሽግ መድፍ በአጎቷ ልጅ ጦር ላይ እንዲተኮስ አደረገች። ለዚህም ሳን ፋርጎ በሚባል አሮጌ ግንብ አምስት ዓመት ያህል በግዞት ተቀመጠች። መጻፍ የለመደችው እዚያ ነው።

በ1657 ሁለት የመኳንንት ሴቶች ሆላንድ ሳሉ ያስጻፏቸውን የራሳቸውን የቃል ሥዕሎች አሳዩዋት። ወዲያው የራሷን ጻፈች፤ ከዚያ በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ እንዲጽፍ ወተወተች። በ1659 ኖርማንዲ ውስጥ፣ ካን ከተማ፣ እሷና ወዳጆቿ የጻፉት ተሰብስቦ ታተመ። ጥቂት ቅጂ ብቻ፣ ለውስጥ ሰው። የፓሪስ መጽሐፍ ሻጮች ግን በዚያው ዓመት የራሳቸውን ሰፋ ያለ ስብስብ አወጡ፤ ጨዋታው ከሳሎን ወጥቶ ገበያ ገባ።

አጻጻፋቸውን ብታዪ መልክእ ትዝ ይልሻል። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እንደሰማነው፣ ከራስ ጠጕር ተነሥቶ ወደ ዓይን፣ ወደ አፍንጫ፣ ወደ አፍ እያለ ይወርዳል። ልዩነቱ መልክእ የሚደረስለት ቅዱስ አለመቀየሙ ነው። እነዚህ ግን በማግሥቱ አብረው እራት የሚበሉ ሰዎች ነበሩ፤ ስለዚህ ብዙው ገጽ ማር ብቻ ነው። መድፍ የተኮሰችበትን ንጉሥ ራሱን ሥላዋለች፤ ምን ያህል እንዳሞገሰችው መገመት አያቅትሽም። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ያንን ገጽ ዘልዬ ባልፈው ምንም አይቀርብኝም ነበር።

ደራሲዋ ማዳም ደ ላ ፋዬት ይህን ችግር ዐውቃዋለች። በደብዳቤዎቿ የታወቀችውን ወዳጇን ማዳም ደ ሴቪኜን ስትሥል ሴቪኜ የማታውቀው ወንድ መስላ ጻፈች። ሌሎች ሠዓሊዎች ለማስደሰት ሲሉ እንከን አይናገሩም፤ እኔ ግን ስለማታውቂኝ እውነቱን ሁሉ እነግርሻለሁ ብላ ትነሣለች። ከዚያ ምን ታደርጋለች? ከላይ እስከ ታች ሙገሳ! ደስታ የነፍስሽ ትክክለኛ ሁኔታ ነው ትላታለች። ሳቄን መቈጣጠር አቃተኝ።

የሚገርመው ግን ራሳቸውን ሲሥሉ ነው። ልዕልቲቱ ረጅም ነኝ፣ አልወፈርሁም አልከሳሁም፣ ጥርሴ ቆንጆም አይደል አስቀያሚም አይደል ትላለች። ብዙ አወራለሁ፣ ሞኝ ነገር ግን አልናገርም ትላለች። ክፉ ጠላት እንደሆነችና ቁጡነቷ ከዘሯ ጋር ተደምሮ ጠላቶቿን ሊያንቀጠቅጥ እንደሚገባ ያለ ኀፍረት ትጽፋለች። ደራሲው ላ ሮሽፉኮም በ1659 በፓሪሱ ስብስብ ላይ ራሱን ሲገልጽ በሦስት አራት ዓመት ውስጥ ስስቅ የታየሁት ሦስት አራት ጊዜ ቢሆን ነው ብሏል፤ ርኅራኄ ብዙም እንደማይሰማውና ጨርሶ ባይሰማው እንደሚመርጥ ጨምሮ። ስለ ሌላው ሰው እንዲህ ቢጽፍ በሰይፍ ይፈላለጉ ነበር።

ልዕልቲቱ ከሁሉ አብልጣ የወደደችው ሰው በመጽሐፏ የለም፤ ገና አልመጣም ነበር። በ1660 ለአንዲት ወዳጇ በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ጋብቻ የተከለከለበት የገጠር ኑሮ ስትመኝ ቆይታ፣ በአርባ ሦስት ዓመቷ ሎዛን በሚባል መኰንን ፍቅር ተያዘች። ታኅሣሥ 1670 ንጉሡ ጋብቻውን ፈቀደ፤ በሦስት ቀን ውስጥ መልሶ ከለከለ። ያን ወሬ ለዘመዷ በደብዳቤ የነገረችው ያቺው ማዳም ደ ሴቪኜ ናት። ሎዛን በኋላ ፒኜሮል ምሽግ ታስሮ ዐሥር ዓመት ያህል ቆየ፤ እሷም እሱን ለማስፈታት ርስቷን ለንጉሡ ልጅ ሰጠች።

ሎዛንን የሣለው ሌላ ሰው ነው፦ የቤተ መንግሥት ትዝታውን የጻፈው ዱክ ደ ሳን ሲሞን። ሁለቱ እኅትማማቾችን ስላገቡ ቤተ ዘመድ ናቸው። አጭር፣ ፊቱ ብልኀት የሞላበት፣ ባለ ምኞት፣ በሁሉ የሚቀና፣ በምንም የማይረካ ይለዋል። ተፈጥሮው ተንኰለኛ ነው ካለ በኋላ ግን ወዳጅ ሲሆን ጥሩ ወዳጅ ነው፣ ያ ግን ከስንት አንዴ ነው፤ ለዘመድም ደግ ነው ይላል። ክፋቱና ደግነቱ በአንድ ትንፋሽ! አክስትሽ እንዲህ ብትጻፍ እንዴት እንደምትወጣ አስቢው።

ሳን ሲሞን ይህን የደፈረው ደብቆ ስለ ጻፈ ነው። በ1755 ከሞተ በኋላ ወረቀቱን መንግሥት ወስዶ ቈለፈበት፤ በሰፊው መታተም የጀመረው በ1829 ነው፣ የሚቀየም ሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ። አንቺ ግን ይህን ያህል መደበቅ ያለብሽ አይመስለኝም። እኔ ብሆን ከእሱ ድፍረቱን፣ ከልዕልቲቱ ደግሞ አሠራሯን እወስዳለሁ፦ ጥቂት ቅጂ፣ ለቤተ ዘመድ ብቻ፣ የራስሽም ገጽ ከሁሉ በፊት። ያቺን የተሰበረች ጥርስሽን፣ ገንዘብ ላይ ቍጥብነትሽን፣ ቀጠሮ ማርፈድሽን ጽፈሽ ከጨረስሽ በኋላ አክስትሽ ምን ብላ ትቀየማለች? ቢበዛ አንድ ፋሲካ ትኰርፋለች።

የእኔንም ጻፊው። በቡና ላይ ማንንም አላስወራም የምትዪኝን አትተዪ፤ ስለ ቀድሞው እጮኛዬ ያለውን ግን ከማሳተምሽ በፊት ላንብበው። በእጅሽ የጻፍሽውን ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ብትልኪውም ይነበባል። እስከ ጥምቀት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን እኔ ያንቺን እጽፋለሁ።

እህትሽ