ሳላዝዝ ፎርማት ስለተደረገብኝ ኮምፒውተር የቀረበ ቅሬታ

ለኮምፒውተር ጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ያለፈቃዴ የጠፋብኝን ፋይል እንድታስመልሱልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ኮምፒውተሬን አራት ኪሎ ወዳለው ሱቃችሁ ያመጣሁት ፋኑ በጣም ስለሚጮህ ነው። ፋኑ ይቀየርልኝ፣ አቧራውም ይጽዳልኝ አልኩ። ኮምፒውተሩን ስትረከቡኝ የሰጣችሁኝ ወረቀት ላይም የተጻፈው ይኸው ነው፦ «ፋን መቀየር፣ ጽዳት»። ልወስደው ስመጣ ፋኑ ተቀይሯል። ግን ሃርድ ዲስኩ እንዳለ ፎርማት ተደርጓል፤ ማለትም የነበረበት ሁሉ ተጠርጓል። ለዚህም ተጨማሪ ሂሳብ ተጠየቅኩ። የከፈልኩት ኮምፒውተሬን ይዤ ለመውጣት ብዬ እንጂ አምኜበት አይደለም።

ስልክ ቁጥሬ ወረቀቱ ላይ አለ። ማንም አልደወለልኝም።

ባለሙያችሁን ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «ዲ ድራይቭ ላይ የጌም ፎልደር ነበር፣ ጸረ ቫይረሱ ቫይረስ አለው ስለሚል ሁሉንም አጸዳሁት። ጌም አይደል? መልሰህ ትጭነዋለህ» አለኝ። ልጁ በትሕትና ነው ያናገረኝ፣ በእሱ ላይ ቂም የለኝም። ግን ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ስለዚህ ለእናንተ በደንብ ላስረዳ።

ፎልደሩ ውስጥ የነበረው ሳይለንት ሂል 2 ነው። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው ጌም ነው። ጄምስ የሚባል ሰው ከሦስት ዓመት በፊት ከሞተች ሚስቱ ደብዳቤ ይደርሰዋል። እሷን ፍለጋ ጉም ወደዋጣት ከተማ ይገባል። ጭራቅ ሲቀርብ የያዛት ትንሽ ሬዲዮ መንሿሿት ትጀምራለች። ገና ምንም ሳይታይ ልብ የሚያርደው ያ ድምፅ ነው። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ታላላቆቻችን ሲጫወቱት ከኋላ ቆሜ አይ ነበር።

ጌሙ ለኮምፒውተርም ወጥቶ ነበር፤ ያ ቅጂ ግን ዛሬ አዲስ ሆኖ አይሸጥም። ከኢንተርኔት መደብርም ገዝቶ ማውረድ አይቻልም። እኔ ያለኝ ዲስክ አጎቴ ድሮ ከውጭ ያመጣልኝ ነው፤ ተቧጭሮ አሁን አያነብም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤችዲ ተብሎ የወጣው ቅጂ ጉሙን ስስ አድርጎት መሸፈን የነበረበትን ሁሉ ያሳያል። በ2024 እንደ አዲስ የተሠራው ጥሩ ነው፣ እሱን አላጣጥልም። ግን እዚያ ካሜራው ከጀርባ ይከተላል። በድሮው ካሜራው ብዙ ጊዜ ቦታውን ራሱ ይመርጣል። ከኮሪደሩ ጥግ ሆኖ ጄምስን ከላይ ያየዋል፤ ከፊቱ ምን እንዳለ ግን አያሳይም። እኔ የምወደው ያንን ነው።

ያንን ዛሬ በደንብ ለመጫወት የሚያስችለው ኢንሃንስድ ኤዲሽን የሚባለው ሞድ፣ ማለትም ጌሙ ላይ ተጨምሮ የሚያሻሽለው ፕሮግራም ነው። የጌሙ ወዳጆች ለዓመታት ደክመው የሠሩት፣ በነፃ የሚሰጥ ነው። ጉሙን ወደነበረበት መልሰውታል፤ መንገድ ላይ ሲቆሙ በእግር ሥር ቀስ እያለ ሲንከባለል ይታያል። ድምፁን አጽድተውታል። ምስሉም በሰፊው ስክሪን ሳይለጠጥ ይመጣል። የድሮው ቅጂ ባለብዙ ኮር ፕሮሰሰር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር፤ እሱንም አስተካክለውታል። ጌሙን ግን አይሰጡም፣ ከራስ ቅጂ ላይ ነው የሚጫነው። ሥራውን የሚሠራውም ፎልደሩ ውስጥ በሚቀመጥ፣ ጌሙ ሲከፈት አብሮ በሚነሳ የዲኤልኤል ፋይል ነው። ጸረ ቫይረስ እንዲህ ያለውን ፋይል አንዳንዴ ይጠረጥራል። መጠርጠሩ ያባት ነው። ባለቤቱን ሳይጠይቁ ማጥፋት ግን ምን ይባላል?

ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ሴቩ፣ ማለትም ጌሙን እስከደረስንበት ያስቀመጥንበት ፋይል ነው። እሱም እዚያው ፎልደር ውስጥ ነበር። ይህ ጌም መጨረሻው አንድ አይደለም። ተጫዋቹ ሳያውቀው ጠባዩን ይመዘግባል። ቁስሉን ቶሎ ይታከማል ወይስ እየደማ ይሄዳል? የሚስቱን ፎቶና ደብዳቤ አውጥቶ ያያል ወይስ ረስቷቸዋል? ማሪያ የምትባለውን ሴት ይጠብቃታል ወይስ ጥሏት ይሮጣል? መጨረሻው የሚወሰነው በዚህ ሁሉ ድምር ነው። እኔና ታናሽ እህቴ ማታ ማታ መብራት አጥፍተን ስንጫወተው ነበር። ፎቶው ይታይ የምትለው እሷ ናት። ሆቴሉ ጋ ደርሰን ነበር፣ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ይህ ከየትም አይወርድም።

አሁን ወደ መፍትሔው። ሃርድ ዲስክ በፈጣኑ መንገድ ፎርማት ሲደረግ በአብዛኛው የሚጠፋው ፋይሉ የት እንዳለ የሚያሳየው ማውጫ እንጂ ፋይሉ አይደለም። አዲስ ነገር ካልተጻፈበት ሊመለስ ይችላል። ባለሙያችሁ ግን ዲ ድራይቭን ፊልምና ዘፈን ሞልቶ ነው የሰጠኝ። ሊያስደስተኝ ብሎ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን የፋይሌን የመትረፍ ዕድል የቀነሰው ይህ ነው። ይህን እንዳየሁ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት። እስካሁን አልከፈትኩትም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሃርድ ዲስኩን ይዤ ልምጣ፤ ፋይል ማስመለስ የሚችል ሰው በእናንተ ወጪ ይሞክረው፣ የተገኘውም በሌላ ዲስክ ይሰጠኝ። እዚያው ዲስክ ላይ ምንም እንዳይጻፍ አደራ። እናንተ ጋ የሚችል ከሌለ ሌላ ቦታ አሠርቼ ወጪውን ትሸፍናላችሁ። ለፎርማቱ ያስከፈላችሁኝም ይመለስልኝ። ወረቀታችሁ ላይም «ፎርማት ይደረግ?» የሚል አንድ መስመር ጨምሩና ደንበኛው ይፈርምበት። ደጃችሁ የተማሪ መንገድ ነው። ዛሬ የእኔ ጌም ነው፣ ነገ የአንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል።

እስከ መጪው ቅዳሜ መልሳችሁን እጠብቃለሁ። የጥገናውን ወረቀትና የደረሰኙን ቅጂ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ