የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ፦ «ወንዱ የትኛው ነው?»

የባዮሎጂ ክበብ ዘንድሮም ችግኝ ተክሏል፣ የግድግዳ ጋዜጣውን አዘጋጅቷል፣ በሚኒ ሚዲያም ስለ ወባ አስተምሯል። ዓመቱን ሙሉ ያከራከረን ጉዳይ ግን የመጣው ከግቢያችን ግንብ ነው። የጎጃም ዝናብ ገና ሳያባራ፣ ትምህርት በተጀመረ ሰሞን፣ አባላቱ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ሁለት የተጣበቁ ቀንድ አውጣዎች አገኙ። አጉሊ መነጽሩን እየተቀባበሉ አዩ፤ ከአንደኛው አንገት ጎን ነጭ ነገር ወጥቶ ከሌላኛው ጋር ተገናኝቷል፣ ከሌላኛውም እንዲሁ። «ቲቸር፣ ወንዱ የትኛው ነው?» አሉኝ።

ሁለቱም ወንድም ሴትም ናቸው። ይህን ሲሰሙ ስለ ሌላው እንስሳ ሁሉ መጠየቅ ጀመሩ። ዶሮ ላይ የጫጩቱን ፆታ የምትወስነው እናትዮዋ ናት። ድንጉላ፣ ማለትም ወንዱ ንብ፣ ደግሞ ካልተዳቀለ እንቁላል ስለሚፈለፈል አባት የለውም፤ አያት ግን አለው። ቤታቸው ቀፎ ያለ ልጆች የዘር ሐረጉን ሰሌዳ ላይ ስለው እስኪያረጋግጡ አልተቀመጡም።

ከሁሉ ይበልጥ የያዘን የቀንድ አውጣ የባሕር ዘመድ፣ ባለ ሁለት ቅርፊቱ ኦይስተር ነው። የፓስፊክ ኦይስተር አሥር ጥንድ ክሮሞሶም (ዘረ መል የሚሸከሙ ክሮች) ሲኖረው፣ እንደ ሰው ኤክስና ዋይ ተለይቶ የሚታይ የፆታ ጥንድ የለውም። አብዛኛው መጀመሪያ ለመራባት የሚደርሰው ወንድ ሆኖ ነው፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ብዙው ሴት ይሆናል። የመራቢያ ወቅቱ ሲያልፍ የመራቢያ ዕጢው ይሟሽሽና ለሚቀጥለው ወቅት እንደ አዲስ ይገነባል፤ ለውጡም የሚመጣው ያኔ ነው። እንቁላል ማዘጋጀት ብዙ ስንቅ ይጠይቃልና ምግብ ሲትረፈረፍ ሴቶቹ ይበዛሉ፣ ሲጠፋ ወንዶቹ። የአውሮፓው ጠፍጣፋ ኦይስተርማ በሕይወቱ በወንድነትና በሴትነት መካከል ደጋግሞ ይመላለሳል።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «አንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ምግብ በልተው ካደጉ ታዲያ ለምን ሁሉም ሴት አይሆኑም?» ብላ ሞገተችን። ከዓመቱ ጥያቄዎች ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ተመራማሪዎችም ኦይስተሮችን እየመረጡ አዳቅለው የየቤተሰቡን ወንድና ሴት ሲቆጥሩ ልዩነት አገኙ፤ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናትም ዘረ መል እጁ እንዳለበት አሳዩ። አንዳንዱ ዕድሜውን ሙሉ ወንድ ሆኖ ይቀራል። ምግቡም ሙቀቱም የሚሠራው በዚህ ውርስ ላይ ነው። ክርክሩን ያቆመው የእረፍት ደወል ነበር።

ለሚቀጥለው ዓመት ከግብርና ክበብ ጋር ቀፎ ከፍተን ድንጉላዎቹን በዓይናችን ልናይ አቅደናል። ቀፏቸውን የሚፈቅዱልን ወላጅም አግኝተናል።