መጠይቁን ከመዝጋታችን በፊት

ውድ አባላት፣

የብሮድባንድ (ፈጣን ኢንተርኔት) መጠይቃችንን ከመጨረሳችን በፊት አንድ ነገር ላንሳ። "ሽፋን" (ኔትወርኩ መድረሱ) እና "አጠቃቀም" (ሰዉ በእርግጥ ኢንተርኔት መጠቀሙ) የሚሉትን ቃላት አሁንም እያቀላቀልናቸው ነው። ይሄ ቀላል ስህተት አይደለም።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገመተው፣ 2.6 ቢሊዮን ገደማ ሰው ኢንተርኔት አይጠቀምም ነበር። አብዛኛው ግን የሞባይል ኔትወርክ በሚደርስበት ቦታ የሚኖር ነው። ለምን አይጠቀምም ታዲያ? ስልኩ ይወደዳል። ዳታውም ይወደዳል። ማንበብ ለማይችል ሰው በጽሑፍ የተሞላ ስክሪን ምን ይጠቅመዋል? በራሱ ቋንቋ የተዘጋጀ ነገር ያላገኘውስ?

ስለ ዋጋ ደግሞ፣ የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን ለታዳጊ አገሮች አስቀምጦት የነበረው ግብ የመነሻ ጥቅሉ (መሠረታዊው የኢንተርኔት ጥቅል) ዋጋ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ከነፍስ ወከፍ ወርሃዊ ገቢ ከ2 በመቶ በታች እንዲሆን ነበር። ጥሩ መለኪያ ነው። ግን አማካይ ብዙ ነገር ይደብቃል። ያው ሂሳብ ለድሃ ቤተሰብ 10 በመቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገቢን በደረጃ ከፍለን እንጠይቅ።

"ቤታችሁ ኢንተርኔት አለ?" ብለንም አንለፍ። ስልኩ የማን ነው? የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል? ዳታ ሲያልቅ ማነው የሚወስነው? አባወራው ብቻ ከመለሰልን የሚስቱም የልጁም ታሪክ ይጠፋል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ቢቻል እያንዳንዱን ሰው ለብቻው እናነጋግር፤ ጊዜ ቢወስድም ይውሰድ።

አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ ላኩልኝ። የናሙናውን ጉዳይ ስንገናኝ እናየዋለን።