ቅዳሜ አብረን ስለምናዳምጠው አጭር አልበም

ለተከበራችሁ የሙዚቃ ክበባችን አባላት፦

በመጪው ቅዳሜ አመሻሽ፣ ፒያሳ በሚገኘው መሰብሰቢያችን የምናዳምጠው አንዲት ድምፃዊት ግጥሙንም ፒያኖውንም የማሽን ድምፁንም ብቻዋን የሠራችበትን አጭር አልበም ነው። ስልቱ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በበርሊን የምሽት መድረኮች በሽሙጥ ይቀርብ የነበረውን ካባሬ የተባለ የዘፈን ትርኢት፣ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1976 ለንደን ውስጥ ከተቋቋመው ኢንዱስትሪያል ሪከርድስ ከተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ካገኘውና የብረት ኳኳታን ለሙዚቃ ከሚያውለው የኢንዱስትሪያል ስልት ጋር ያዋህዳል። ሦስተኛውን ዘፈን ልብ ብላችሁ እንድትሰሙት አደራ እላለሁ፤ ፒያኖው በዋልዝ፣ ማለትም በሦስት በሦስት በሚቆጠር የዳንስ ምት ይጀምርና ከሥሩ የሚመጣው የመዶሻ ድምፅ ቀስ በቀስ እየበረታ ድምፅዋን ወደ ሹክሹክታ ያወርደዋል። በአዝማሪ ቤት ሰምና ወርቅ ላደግን ጎንደሬዎች ሽሙጡ እንግዳ አይሆንብንም፤ ጩኸቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የግጥሞቹን የአማርኛ ትርጉም አባዝቼ አመጣለሁ።