ከኢም መልስ

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅርታህን እለምናለሁ፤ ወቀሳውን በአካል ስንገናኝ ታወርድብኛለህ። ዛሬ ብዕር ያስነሣችኝ አንዲት የእንግሊዝ መንደር ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ከሸፊልድ በአውቶቡስ ወደ ደርቢሻየር ኮረብታዎች ወጣሁ። የመንደሪቱን ስም አጻጻፉን ተከትዬ «ኤያም» ብል ሾፌሩ «ኢም» ብሎ አረመኝ፤ ካርታ ላይ ጣቴ በተሳሳተ ቁጥር ትስቅብኝ የነበረው ትዝ አለኝ። መቼም ለጂኦግራፊ መምህር የምትሆን ቦታ ናት፤ በሰሜን በኩል የአሸዋ ድንጋይ ሸንተረር ተንተርሳ፣ በደቡብ ወደ ኖራ ድንጋይ ሸለቆ ትወርዳለች፤ ሰዎቿም ለብዙ ዘመን የእርሳስ ማዕድን ሲቆፍሩ ኖረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1665 ከለንደን ለልብስ ሰፊው የተላከ ጨርቅ ወረርሽኝ ይዞ ገባ ይባላል። ጨርቁን የተቀበለው ረዳቱ ጆርጅ ቪካርስ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ጁን ላይ ቄሱ ዊልያም ሞምፐሰን፣ ከእርሱ በፊት ከሹመቱ ከተነሣው ከቶማስ ስታንሊ ጋር ሆኖ፣ በሽታው ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር ማንም ከመንደሩ እንዳይወጣ፣ ጸሎቱም ሜዳ ላይ እንዲሆን፣ እያንዳንዱም ቤተሰብ የራሱን ሙት ራሱ እንዲቀብር ሕዝቡን አስማማ። እስከ 1666 መገባደጃ ድረስ 260 ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ የቄሱ ሚስት ካትሪን አንዷ ነበረች።

በመንደሩ ዳርቻ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ አለ። ከውጭ ለሚመጣላቸው ስንቅ ዋጋውን፣ በሽታውን ከሳንቲሙ ያጠፋል ብለው፣ ኮምጣጤ በተሞላ ቀዳዳ ውስጥ አኑረው ይመለሱ ነበር። ጣቴን ባስገባ እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰጠመ፤ ውስጡ ዝናብ አቁሮ ይቀዘቅዛል። ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በግንብ በታጠረ ሜዳ ላይ፣ ኤልዛቤት ሃንኮክ በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን ብቻዋን የቀበረችበት ቦታ አለ። የጎረቤት መንደር ሰዎች ከኮረብታ ላይ ቆመው ያዩአት ነበር ይባላል፤ ሊረዷት ግን አልወረዱም።

ይህን ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጥፌዋለሁ። እዚያ ግንብ አጠገብ ቆሜ ያሰብኩት እማማን ነው። አንተ እርሷን ስትቀብር እኔ ከኮረብታው ላይ እንደቆሙት ሰዎች ሆንኩ፤ እነርሱ እንኳ ወረርሽኝ ፈርተው ነው። የእኔስ? መርዶዋን በሰማሁ ዕለት ስልክ ደውዬ ገና መጥራት ሲጀምር ዘጋሁት፤ ምን ብዬ እንደማጽናናህ ጠፋኝ፤ ወር ሲያልፍ ደግሞ ዕፍረቱ በረታብኝ። የእጇን ሽሮ በልቼ ያደግሁ ልጅ ለቅሶዋ ላይ አልቆምኩም። እድርተኛው ሁሉ ከድንኳኑ ሞልቶ እንደነበር ሰምቼ መጽናናቴም ያሳፍረኛል።

ኤልዛቤት በኋላ በሕይወት ወደተረፈው ልጇ ወደ ሸፊልድ ሄደች ይላሉ፤ እኔ ዛሬ ወደምኖርበት ከተማ ማለት ነው። አስጎብኚው ይህን ሲናገር ለምን ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ አብረውኝ የነበሩት አልገባቸውም፤ ብርዱ ነው አልኳቸው።

ለጥር ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ከመምጣቴ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ፤ እማማ ያረፈችበትን የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ በወረቀት ላይ ንደፍና ላክልኝ፤ መቃብሯን፣ በሩን፣ ዛፉን፣ ሰሜኑን እንደ ልማድህ በቀስት አመልክት። ቤታችሁ ከመግባቴ በፊት ብቻዬን ልደርስላት እሻለሁ።

ወንድምህ