ለብስክሌተኛ ሞት የሚጠየቅ ይኑር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በገጠር መንገድ ላይ ብስክሌተኛ ተገጭቶ ሲሞት ዜናው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ብስክሌተኛው ከመኪና ጋር ተጋጭቶ ሕይወቱ አለፈ» ይላል። መኪናውን የሚነዳ ሰው የነበረ አይመስልም። እባካችሁ እናንተ እንኳ ሹፌሩን ከዜናው አታውጡት።

ሹፌሩ ሲጠየቅ መልሱ «አላየሁትም» ነው። እሺ፣ ለምን አላየኸውም? ይህን አጥብቆ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛል። ለ2 ሰከንድ ስልኩን ያየ ሹፌር 50 ሜትር በጭፍን ነዳ ማለት ነው። የገጠር መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ መብራት የለውም፣ ኩርባ ይበዛዋል። ከኩርባው ወዲያ ያለው ካልታየህ ፍጥነት መቀነስ ያንተ ሥራ ነው።

ሄልሜትና አንጸባራቂ ልብስ ይለበስ የሚሉትን አልቃወምም፤ የኋላ መብራትም ግድ ነው። ግን ሄልሜት በ90 የሚመጣን መኪና አያቆምም።

ፈረንሳይና ስፔን ከከተማ ውጭ ብስክሌተኛን የሚያልፍ መኪና ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ በሕግ ያስገድዳሉ። ጀርመን 2 ሜትር ትላለች። ጥሩ ነው፤ ካልተቆጣጠሩት ግን ወረቀት ላይ ይቀራል። ሰው ሲሞት የሹፌሩ ስልክ ይመርመር። መኪናው የመዘገበው ፍጥነት ካለም ይታይ። ጥፋተኛ ከተባለ ደግሞ በገንዘብ ቅጣት ብቻ አይታለፍ፣ መንጃ ፈቃዱ ይወሰድ። ሰው ገድሎ በሳምንቱ መሪ መጨበጥ ምን የሚሉት ነው?

ብስክሌት የሚነዳ አንባቢያችሁ