የስንብት ክፍያ ሠራተኛውን ይከተል

ለአዘጋጁ፦

የሥራ ዋስትና ሲጠናከር ቅጥር ይቀንሳል የሚለው የጽሑፋችሁ መከራከሪያ ዋናውን ጉዳት ይስታል። ቋሚ ሠራተኛን ማሰናበት ውድ፣ ጊዜያዊ ውል ደግሞ ልቅ ሲሆን አሠሪው ቅጥሩን ወደ አጭር ውል ያዞረዋል። ስፔን ለአሥርተ ዓመታት በዚህ ተቸግራ እ.ኤ.አ. በ2021 ማብቂያ ላይ ሕጓን አሻሽላለች። በየስድስት ወሩ ውሉ የሚታደስለትን ሰው ለማሠልጠን የሚደፍር አሠሪ ጥቂት ነው፤ ወጪው ሳይመለስ ውሉ ሊያልቅ ይችላልና። ሠራተኛውም የማሽን መከለያ ተነቅሎ ቢያይ ዝም ይላል፤ ውሉን ላለማደስ ብዙ ጊዜ ምክንያት አይጠየቅም። ይህን ተለዋዋጭነት ብሎ መጥራት ተገቢ አይመስለኝም።

በአገልግሎት ዘመን የሚያድግ የስንብት ክፍያም እንከን አለው። በፈቃዱ የሚለቅ ሰው የሚያጣው ከሆነ የተሻለ ሥራ ቢያገኝም አይነቃነቅም፤ ድርጅቱ ቢከስር ደግሞ ክፍያው አደጋ ላይ ይወድቃል። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአዲስ ቅጥሮች ላይ ይህን ቀይራለች። አሠሪው በየወሩ የደመወዙን 1.53 በመቶ በሠራተኛው ስም ለፈንድ ያስገባል፤ ሠራተኛው ራሱ ቢለቅም የተጠራቀመው አይጠፋበትም።

ሕግ አውጪዎች ይህን አሠራር ለጊዜያዊ ሠራተኞችም ጭምር ይደንግጉ፤ በቂ ምክንያትና ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ ግን እንዳለ ይቆይ። መዋጮው መግባቱን የሚያሳይ መግለጫም በየሩብ ዓመቱ ለሠራተኛው ይድረስ።